አሥራ ሁለተኛው ድምፅ

ለወንድይፍራው ስም ያወጡለት ሰዎች ምን ተስፋ አድርገው እንደነበር አይታወቅም፤ ሰውየው ግን ስልሳ ስድስት ዓመት እስኪሞላው አንድ ወንድ እንኳ ፈርቶት አያውቅም። ዳውንታውን ሎስ አንጀለስ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ጀርባ ባለ አንድ ትልቅ ፓርኪንግ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ኃላፊ የሆነውም ጠይቆ አይደለም። ከእሱ በፊት የነበሩት አንድ በአንድ እየለቀቁ ሲሄዱ የቁልፍ ሳጥኑ እሱ እጅ ላይ ቀረ፤ ከስድስት ወር በኋላ አለቆቹ ትዝ ሲላቸው ሹመቱን በኢሜይል ላኩለት። ኢሜይሉን ወዲያው አነበበው፤ መልስ የሰጠው ግን በሁለተኛው ቀን ነው። ቶሎ ቢመልስ የቋመጠ ይመስላል ብሎ ነው።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የማያውቀውን ሰው በር የሚያንኳኳው። ለፕሬዚዳንት ካርተር ፓርቲ፣ ያለ ክፍያ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ። ምርጫ በደረሰ ቁጥር ከፒኮ እስከ ዊልሸር ያሉትን መንገዶች በእግሩ ይዞራል፤ አፓርታማ ይወጣል፣ ደወል ይደውላል፣ ከውሻ ጋር ይፋጠጣል። በሚያመልክበት የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ካሉት ወንድሞች ግማሾቹ ሌላውን ፓርቲ ነው የሚመርጡትና ከአምልኮ በኋላ አስፋልቱ ላይ ቆመው ይነተርኩታል። «ወንድሜ፣ ለመሆኑ ምን አገባህ?» ይሉታል።

«እኔን እዚህ ያመጣኝ ወረቀት ነው» ይላቸዋል። «ካርተር የስደተኞቹን ሕግ ፈረመ፤ ፈርሞ በዚያው ዓመት ምርጫ ተሸነፈ። እኔ ከሱዳን የገባሁት በፈረንጆቹ 1983 ነው፤ ያኔ ኋይት ሃውስ የተቀመጠው ሬገን ነበር። ሶ አንዱ ፈረመ፣ በሌላው ጊዜ ገባሁ። የማንን ውለታ ልመልስ? ግራ ሲገባኝ በር አንኳኳለሁ።»

መልሱ መልስ አይደለም፤ ግን ከዚያ በላይ አይከራከርም። ክርክር አይወድም። የሚወደው መስማት ነው፤ ጨዋታው ሁሉ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ፓርቲው በር ለሚያንኳኩ ሰዎች የሚሰጠው ቅጽ አለ፤ ድሮ በወረቀት፣ ዛሬ በስልክ። ቅጹ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር አለው። አንድ ማለት የእኛ ነው፣ አምስት ማለት የእነሱ ነው፣ ሦስት ማለት ገና አልወሰነም። ሰውዬው በሩን ከፍቶ ስለ ልጁ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ግማሽ ሰዓት ቢያወራህም አንተ «ሦስት» ብለህ ትሞላና ትሄዳለህ። ወንድይፍራው ይህ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልዋጥልህ አለው። ሰው ደጁ ድረስ ለመጣ እንግዳ የነገረውን ነገር እንዲህ በቀላሉ ሜዳ ላይ መጣል ነውር መሰለው። ስለዚህ ሰማያዊ ደብተር ገዛና መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሰዎቹ ያሉትን በአማርኛ ይጽፍ ጀመር። ዛሬ ደብተሮቹ አሥራ አንድ ደርሰዋል።

«ፒኮ፣ አረንጓዴ በር» ይላል አንዱ ገጽ። «ሴትዮ፣ ሰባ ዓመት ይሆናታል። የአገሪቱን ብድር ማነው የሚከፍለው፣ እኛ እንሞታለን አለች። ፓርቲው በሰጠኝ ወረቀት ላይ ያለውን አነበብኩላት። እሱን አልጠየቅኩህም አለች።»

«ላ ብሬያ አጠገብ፣ ውሻ ያለበት ቤት። የምትመጡት ስትፈልጉኝ ብቻ ነው ብሎ በሩን ዘጋ። እውነቱን ነው።»

«ኦሊምፒክ መንገድ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሁለቱንም ፓርቲ አልመርጥም አለ። ፕሬዚዳንቶቹን በጣቱ ቆጠረልኝ። እያንዳንዱ ዕዳውን ለተተኪው አውርሶ፣ ሐውልቱን ለራሱ አሠርቶ ሄደ አለ። ሁሉም ጥፋቱ የሌላው ነው ይላሉ አለ። ውኃ ሰጠኝ።»

እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ስለ ብሔራዊ ዕዳው የጠየቁት ሰዎች ብቻ ሁለት ደብተር ይሞላሉ። ወንድይፍራው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አይደለም፤ ሠላሳ ስድስት ትሪሊዮን የሚባለው ቁጥር ስንት ዜሮ እንዳለው ራሱ ጽፎ ካልቆጠረ አያውቅም። የሚያውቀው ሰው ሲጠይቅ መልስ እንዳጣ ነው።

በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ፓርቲው ተሸነፈ። ወንድይፍራው ያለበት የፓርቲው የሰፈር ክለብ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፌርፋክስ ላይ ባለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባል። ምሳ የሚበላ ሰው ከመምጣቱ በፊት ክፍሉ ባዶ ስለሆነ ባለቤቱ በነፃ ይሰጣቸዋል። አባሎቹ ሃያ ሦስት ናቸው። ሦስቱ ሐበሾች ሲሆኑ የቀሩት አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ የሰፈሩ አሜሪካውያን ናቸው። ሰብሳቢዋ ግሎሪያ የምትባል የቀድሞ ነርስ ናት። ከምርጫው በኋላ ስብሰባው ልቅሶ ቤት ሆነ፤ ልቅሶ ቤት ብቻ ሳይሆን ለቀስተኛው የተጣላበት ልቅሶ ቤት።

አንዱ ወገን የመጨረሻው ፕሬዚዳንታችን ሥራ ተቀብሮ ቀረ፣ እሱን ለሕዝብ መንገር ነው የሚያስፈልገን ይላል። ሌላው ወገን ሰውየው ወንበሩ ላይ ቆዩ፣ ምርጫው ሦስት ወር ከምናምን ሲቀረው ነው ከውድድሩ የወጡት፣ ውርሳቸው ይኸው ነው ይላል። ሃዋርድ የሚባል፣ አርባ ዓመት ታሪክ ያስተማረ ረጅም ሽማግሌ፣ ከሁሉም በላይ ይናገራል። ስለ ሰባት ፕሬዚዳንቶች ውርስ ሳይቀመጥ ያስረዳል። ማን በጀቱን ትርፍ ላይ ጥሎ እንደወጣ፣ ማን እንዳጎደለው ከነዓመተ ምሕረቱ ያውቃል። ጥፋቱ ግን ምንጊዜም የሌላው ፓርቲ ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ ከኋላ የተቀመጡት እትዬ ዕንቁ በአማርኛ። እትዬ ዕንቁ እዚያው መንገድ ላይ ቅመምና የሐበሻ ልብስ የሚሸጡ የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ናቸው። ክለቡ ውስጥ የገቡት ወንድይፍራው ለምኗቸው ነው፤ እንግሊዝኛው ሲፈጥንባቸው ይተዉታል እንጂ አንድም ቅዳሜ አይቀሩም።

በመጋቢት መጀመሪያ ግሎሪያ አንድ ደብዳቤ አነበበች። ፓርቲው ግንቦት ላይ ዳውንታውን አንድ ጉባኤ ይጠራል። ከየክለቡ አንድ ተወካይ ይመጣል፤ እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ጥያቄው «ወዴት እንሂድ?» የሚል ነው። ዛሬ ስም እንጠቁማለን፣ በሚቀጥለው ወር ድምፅ እንሰጣለን አለች።

የወንድይፍራው ልብ ዘለለ። አምስት ደቂቃ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በመኪናው የዕቃ ሣጥን ውስጥ፣ በደብተር ይዟቸው የዞራቸው ሰዎች በዚያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይናገራሉ። አረንጓዴው በር ይናገራል። ይህን ያህል የፈለገው ነገር ከትዳሩ ወዲህ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ አንገቱን ደፍቶ ጠረጴዛውን ያይ ጀመር።

ፋና እጇን አወጣች። ፋና ሦስተኛዋ ሐበሻ ናት፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ የክለቡ ጸሐፊ። ወላጆቿ ከወንድይፍራው ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያመልኩት።

«ወንዲን እጠቁማለሁ» አለች። አሜሪካኖቹ ወንዲ ነው የሚሉት። ክፍሉ አጨበጨበ። ግሎሪያ ወደ እሱ ዞራ፣ «ወንዲ፣ ትቀበላለህ?» አለችው።

ወንድይፍራው ተነሣ፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «በጣም አመሰግናለሁ፤ ግን እኔ አይደለሁም። እንግሊዝኛዬም እንደምታውቁት ነው። ከእኔ የሚሻሉ ብዙ አሉ። ለምሳሌ ሚስተር ሃዋርድ አለ።»

«ኦኬ። ስለ ትሕትናህ እናመሰግናለን» አለች ግሎሪያ፣ ወረቀቷ ላይ አንድ መሥመር ሰረዘች። «ሃዋርድ፣ አንተስ?»

«ክብሬ ነው» አለ ሃዋርድ።

ወንድይፍራው ገና አልተቀመጠም ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት አንድ ነገር ይወቅለት። ቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አድርጋ ስትመርጠው ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎ በአራተኛው ነው የተቀበለው። እድሩ ሰብሳቢ ሁን ሲለው ሰዎቹ ቤቱ ድረስ መጥተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ተለማምነውት ነው እሺ ያለው። የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ማለት ነው፤ ሰላምታን ደግሞ ማንም ቁም ነገር አድርጎ አይዝም። በአንድ ጥያቄ እሺ የሚል ሰው፣ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የሚል፣ ሹመት የራበው ሰው ነው። ወንድይፍራው ያደረገው አንድ ጨዋ ሰው የሚያደርገውን ነው። የቀረውን ማድረግ ያለባቸው እነሱ ነበሩ።

በዕረፍቱ ሰዓት ሻይ ይዞ በር ላይ ቆመ፤ አንድ ሰው መጥቶ «ኧረ ባክህ» እስኪለው። ማንም አልመጣም። ፋና ብቻ መጣች።

«ጋሼ፣ ሶሪ» አለችው። «ሳልጠይቅህ ስምህን ጠራሁ። ፕሬሸር ያደረግኩብህ መሰለኝ።»

«ኧረ ምንም አይደል» አላት።

ግሌንዴል ከተማ ያለው ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ሠናይት የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነበር። በአንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ባለ ልብስ አስተካካይ ቤት ትሠራለች፤ ሲበዛባት ቤት ታመጣለች። የሆነውን ነገራት። መርፌዋን ሳታስቀምጥ፣ «ቦታውን ፈልገኸው ነበር ወይስ አልፈለግኸውም?» አለችው።

«እንግዲህ እኔ እንኳ...»

«ወንዴ፣ አዎ ወይም አይ በለኝ።»

«ፈልጌው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አይሆንም አልክ?»

«እንዴት ተብሎ በአንድ ጊዜ እሺ ይባላል!»

ሠናይት መርፌውን አስቀመጠች። «ስማ። እኔን ለማግባት አጎቴ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልከሃል። አጎቴ በመጀመሪያው ቀን ውሰዳት ቢሉህ ኖሮ ምን ጉድ አለባት ብለህ ትሸሽ ነበር። እሱ እኛ ነን። እነዚህ ሰዎች አንድ ጊዜ ይጠይቁሃል፤ አይ ካልክ አይ ያልክ ይመስላቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ይህን አልተማርክም?»

አርባ ሁለት ዓመት ነው ሊላት ፈልጎ ተወው።

እንደ ዕድል ሆኖ በሩ አልተዘጋም ነበር። ስሙን በጽሑፍ ያስገባ ሰው እስከ ሚያዝያው ስብሰባ ድረስ ሊወዳደር ይችላል። ችግሩ ግን ጽሑፉ ነው፤ ሰውየው ራሱን ራሱ መጠቆምና ለምን እንደሚፈልግ መጻፍ አለበት። ወንድይፍራው ሦስት ሳምንት ሙሉ በፓርኪንጉ የትኬት ዳስ ውስጥ ተቀምጦ በትኬት ጀርባ ላይ ሲጽፍ፣ ሲያጠፋ ከረመ። «እኛ የኢትዮጵያ ተወላጆች» ብሎ ጀመረ። ለፋና ላከላት።

ደወለችለት። «ጋሼ፣ ይሄ 'እኛ' ማነው? ኮሚዩኒቲው ነው የሚወዳደረው ወይስ አንተ?»

«ያው እኔ ነኝ።»

«ሶ 'እኔ' ብለህ ጻፍ።»

'እኔ' የምትለው ቃል ሁለት ፊደል ናት። ወንድይፍራውን ግን እንደ ጆንያ ከበደችው። በመጨረሻ የላከው ጽሑፍ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ይህን ቦታ እኔ እፈልጋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በር አንኳኩቼ ሰዎች ያሉኝን ጽፌአለሁ። ያሉትን ልናገርላቸው እፈልጋለሁ።» ላክ የሚለውን ከተጫነ በኋላ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ጆሮው ድረስ አፍሮ ነበር።

ፋና ጊዜ አላጠፋችም። አባሎቹን አንድ በአንድ ደውላ አነጋገረች፤ ከግማሾቹ ጋር ቡና ጠጣች። ከስብሰባው አንድ ቀን በፊት፣ «አሥራ ሁለት አለን ጋሼ» አለችው። «ሃዋርድ አሥራ አንድ ነው ያለው። በአንድ ታሸንፋለህ፤ ማንም እንዳይቀር ብቻ።» እንዴት እንደቆጠረች አልጠየቃትም። መጠየቁ ራሱ መስገብገብ መሰለው።

በሚያዝያው ቅዳሜ ሃያ ሦስቱም መጡ። መጀመሪያ ሃዋርድ ተናገረ። በደንብ ተናገረ፤ ለማንም አይደበቅም። ፕሬዚዳንቶቹን እንደ ልጆቹ በስማቸው እየጠራ፣ የእያንዳንዱን ውርስ እየዘረዘረ፣ ዕዳውን የቆለሉት እነዚያ ናቸው፣ ያቃለልነው እኛ ነን፣ ጉባኤው ላይ ሄጄ ይህን ታሪክ አስታውሳቸዋለሁ አለ። ተጨበጨበለት።

ወንድይፍራው አንዱን ሰማያዊ ደብተር ይዞ ወጣ። ከአማርኛው እያየ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰ ሦስት ገጽ አነበበ። አረንጓዴውን በር አነበበ፤ ውሻ ያለበትን ቤት አነበበ፤ ውኃ የሰጠውን ሰውዬ አነበበ። በመሃል ቃል ሲጠፋው ፋናን በአማርኛ ይጠይቃታል፣ ትነግረዋለች፣ ይቀጥላል።

«እኔ ስለ ዕዳው መፍትሔ አላውቅም» አላቸው። «ማን እንዳመጣው በማወቅ ሚስተር ሃዋርድ ከእኔ ይሻላል። ግን በሩ ላይ የቆመችው ሴትዮ ማን አመጣው አላለችኝም፤ ማን ይከፍለዋል ነው ያለችኝ። አናውቅም ብንላት እንኳ ደህና ነበር። እኛ ወረቀት እናነብላታለን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዎች መንገዱን በሩ ላይ ቆመው ሲነግሩን፣ ቁጥር ሞልተን ሄድን። አሁን ወዴት እንሂድ ብለን ስብሰባ እንጠራለን።» ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ቦታውን እፈልጋለሁ» አለ።

ጭብጨባው ለሃዋርድ ከተጨበጨበው ይበልጥ ነበር። ግሎሪያ ዓይኗን በሶፍት ጠረገች። ሃዋርድ ራሱ ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበና ወንድይፍራው ወደ ቦታው ሲመለስ ትከሻውን ያዝ አድርጎ፣ «በጣም ጥሩ ተናገርክ ወንዲ። እውነቴን ነው» አለው።

ድምፅ የሚሰጠው በብጣሽ ወረቀት ላይ ስም በመጻፍ ነው። ግሎሪያ ከወጥ ቤት ሰፌድ ተውሳ ወረቀቶቹን በእሱ ትሰበስባለች። ወንድይፍራው ወረቀቱ ፊቱ ሲቀመጥ ብዕሩን አነሣና ቆመ። የራሱን ስም ሊጽፍ ነው። እፈልጋለሁ ማለቱስ ይሁን፤ ጠይቀውት ነው። ስሜን ላስገባ ማለቱም ይሁን፤ ሕጉ ነው። ግን ፊት ለፊቱ ተነሥቶ ያጨበጨበለት ሰው ተቀምጦ፣ እሱ ወረቀቱን በእጁ ከልሎ «እኔ ከአንተ እበልጣለሁ» ብሎ ሊጽፍ? ከእናቱ ቤት እስከ ዛሬ፣ ከገበታ ላይ እንኳ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለራሱ አንስቶ አያውቅም።

ቀና ሲል ሃዋርድም ብዕሩን ይዞ ያየዋል። ሃዋርድ ፈገግ አለና ራሱን ዝቅ አደረገለት። ወንድይፍራውም መልሶ ራሱን ዝቅ አደረገ። ልቡ ቀለል አለው። ወረቀቱ ላይ «ሃዋርድ» ብሎ ጻፈ፣ አጠፈው፣ ሰፌዱ ላይ ጣለው።

ግሎሪያ ወረቀቶቹን እየከፈተች ጮክ ብላ አነበበች፤ ፋና ሰሌዳው ላይ መሥመር ታሰምራለች። ወንዲ። ሃዋርድ። ሃዋርድ። ወንዲ። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሲሆኑ አንድ ወረቀት ቀረች። ግሎሪያ ከፈተቻት። ወንድይፍራው እጥፋቷን አወቃት፤ ሁልጊዜ የፓርኪንግ ትኬት እንደሚያጥፈው ለአራት ታጥፋለች።

«ሃዋርድ» አለች ግሎሪያ።

ሃዋርድ ተሻግሮ መጥቶ እጁን ጨበጠው። በዘዴ ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረውም፤ በደስታ ቀልቶ ነበር። «በአንድ ድምፅ ብልጫ!» አለው። «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ለራሴ የሰጠኋት ድምፅ አዳነችኝ ማለት ነው» ብሎ ሳቀ።

ወንድይፍራውም ሳቀ። መሳቅ ስለነበረበት ነው። ከዚያ ቁጭ አለ።

ፋና ሰሌዳውን እያጠፋች በአማርኛ ታጉረመርም ነበር። «አሥራ ሁለት ነበሩ። እያንዳንዳቸውን አውቃቸዋለሁ፣ አንድ ሰው ነው የከዳን።» ከዚያ ዓይኗ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ቦርሳቸውን እየፈለጉ ባሉት እትዬ ዕንቁ ላይ ዐረፈ። ሃዋርድ በርበሬና ሽሮ ከእትዬ ዕንቁ ሱቅ ነው የሚገዛው። በየሳምንቱ ይመጣል፤ ቁጭ ብሎ ስለ ንጉሡ ዘመን ይጠይቃቸዋል። እትዬ ዕንቁ «ልጄ፣ ደህና ዋይ» ሲሏት ፋና አልመለሰችላቸውም።

ወንድይፍራው ይህን አየ። ያን ቀን ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሱ ግን በሦስት ቀን ውስጥ ነቀዘ። ፓርኪንጉ ውስጥ ቁልፍ እያሳሳተ ሲሰጥ ዋለ። ለሠናይት ተሸነፍኩ ብቻ ብሎ ነግሯታል። እሷም «አዎ ማለትህን ቆጥሬልሃለሁ» ብላ የሚወደውን ክትፎ ሠራችለት። ክትፎውን ሳይጨርስ ተነሣ።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ እትዬ ዕንቁ ደወሉለት። «ወንድይፍራው፣ ያቺ ልጅ ምን አድርጌያት ነው?» አሉት። «ሱቄ በር ላይ በየቀኑ ታልፋለች፤ ድሮ ሳትስመኝ አታልፍም ነበር። ዛሬ መንገድ ተሻግራ ሄደች። በደልኳት ይሆን? አንተ ጠይቅልኝ።»

ከዚህ ወዲያ አልቻለም። ፋና ጋ ደወለና «እትዬ ዕንቁ ሱቅ ነይ፣ አሁኑኑ» አላት። እንዲህ አድርጎ ሰው አዝዞ ስለማያውቅ ደንግጣ መጣች። ሱቁ ውስጥ ከላይ የተሰቀሉት ቀሚሶች ሥር ሦስቱም ቆሙ። እትዬ ዕንቁ ለሁለቱም ወንበር ሊስቡ ሲሉ ወንድይፍራው «ይተዉት እትዬ፣ ቆሜ ነው የምናገረው» አላቸው።

«ፋና» አለ፤ «ያቺ ድምፅ የእትዬ አይደለችም።»

«ጋሼ፣ ቆጥሬያለሁ። አሥራ አንዱን አውቃለሁ። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?»

«እኔ ነኝ።»

«ዌይት፣ ቆይ» አለች ፋና። «አንተ ለሃዋርድ? ለራስህ አልሰጠህም?»

«ራሴን እንዴት አድርጌ እመርጣለሁ?»

«ሲክሬት ባሎት፣ በምስጢር ነው እኮ! ማን ያይሃል?»

«እኔስ? እኔ አላይም?»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ጋሼ!» እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «አሥራ ሁለተኛው አንተ ነበርክ! አሥራ ሁለት ያልኩህ እኮ አንተን ጨምሬ ነው! ያንን ሁሉ ሰው፣ ያንን ሁሉ ደብተር... ያቺ አረንጓዴ በር ያላት ሴትዮ... ሃያ ሁለት ዓመት!» ወደ እሱ ተጠጋች። «ለምን? ለምንድነው?»

ወንድይፍራው ያኔ ነው እውነተኛው ቁጭት የመጣበት። መሸነፉ አይደለም ያቃጠለው። ግንቦት ላይ ሃዋርድ ቆሞ ስለ ፕሬዚዳንቶች አምስት ደቂቃ ያወራል፤ አረንጓዴዋ በር ደግሞ እንደተዘጋች መኪናው ሣጥን ውስጥ ትቀራለች፤ የዘጋት ደግሞ እሱ ነው፣ በገዛ እጁ፣ በመልካም ጠባዩ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ሊደብቀው አልሞከረም።

«እሱም ድምፁን ለእኔ ይሰጣል ብዬ ነው» አላት። «አየኝ፤ ፈገግ አለ፤ ራሱን ዝቅ አደረገልኝ። እኔ ለእሱ፣ እሱ ለእኔ። የገባኝ እንደዚያ ነው።»

ፋና ወደ እትዬ ዕንቁ ዞረች፤ ፊቷ ቀልቷል። «እትዬ፣ በጣም ሶሪ። አንቺ መስለሽኝ ነው፤ ይቅር በይኝ። ማን እንደዚህ ያደርጋል ብዬ ልገምት? ስሚውማ! ራሱ እየተወዳደረ ለሃዋርድ ሰጠ!»

እትዬ ዕንቁ የወንድይፍራውን ወንበር ስበው አስቀመጡለት። ከዚያ ልጅቷን በእውነት ግራ ገብቷቸው አዩአት።

«ታዲያ ለማን ሊሰጥ ኖሯል?» አሉ።